የሰፈር ጂምናስቲክ አዳራሽ ከመገንባቱ በፊት፦ የመንገድ፣ የትራፊክና የመሠረተ ልማት ዝርዝር መመሪያ

ለሰፈሩ ልጆች የጂምናስቲክ አዳራሽ እንዲሠራ የሚጠይቅ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወረዳ የሚሄደው የአዳራሹን ንድፍና የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይዞ ነው። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መኪናው የት ይቆማል፣ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥር የተደገፈ መልስ የሌለው ሐሳብ፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በይደር ይቆያል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መልስ ሳያገኝ ተፈቅዶ የተሠራው ነው፤ ጎረቤት ይማረርበታል፣ ሕፃናትም በሩ ላይ አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

በሰፈር ስፖርት ሥራ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት የአንድ አዳራሽ ችግር ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው አንዱ ቡድን ሥልጠናውን ጨርሶ ሲወጣ ሌላው በሚገባባቸው ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። አሠልጣኞች ይህን ጊዜ «ቅያሬ» ይሉታል። በቀሪው ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፣ መጸዳጃው ይበቃል፣ በሩም ሰፊ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚለካው በቅያሬው ሰዓት ነው። የተጻፈውም አዲስ አበባን በማሰብ፣ በተለይም እንደ ጀሞ፣ ሰሚትና አያት ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ወይም በነባር ሰፈሮች ክፍት ቦታ ላይ አዳራሽ ለማሠራት ለሚንቀሳቀሱ ኮሚቴዎች ነው።

1ኛ ደረጃ፦ የልጆቹን ቁጥርና የሥልጠናውን ሰዓት መወሰን

ከመንገዱም ከውሃውም በፊት አዳራሹ በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ እንደሚይዝና በቀን ስንት ቡድን እንደሚያሠለጥን በወረቀት ላይ ይስፈር። ይህን ለማወቅ የመሣሪያዎቹን ስፋት ማወቅ ግድ ይላል። ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ለውድድር የሚጠይቀው የወለል እንቅስቃሴ ምንጣፍ በየጎኑ 12 ሜትር ሲሆን፣ የደህንነት ጠርዙ ሲጨመር 14 በ14 ሜትር ቦታ ይይዛል። የዝላይ መንደርደሪያው እስከ 25 ሜትር ይደርሳል፤ የመዝለያው ጠረጴዛና የማረፊያው ፍራሽ ሲታከሉበት ከ30 ሜትር በላይ ያልተቋረጠ ርዝመት ያስፈልጋል። ቀለበቶቹ የሚንጠለጠሉበት ብረት ከወለሉ 5.80 ሜትር ከፍ ይላል፤ ትራምፖሊን ከታሰበ ደግሞ ጣሪያው ከዚያም በላይ መራቅ አለበት።

የሰፈር አዳራሽ የግድ የውድድር ልክ መሆን የለበትም፤ ለጀማሪ ልጆች 15 ሜትር መንደርደሪያ ይበቃል። ይሁንና ለወደፊቱ በር ላለመዝጋት 36 ሜትር ርዝመትና 22 ሜትር ወርድ ያለውን አዳራሽ፣ ማለትም 800 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጣሪያ፣ ለስሌታችን መነሻ እናድርገው። በዚህ ስፋት ላይ 60 ልጆች በሦስት ወይም በአራት ምድብ ተከፍለው በአንድ ጊዜ ሊሠለጥኑ ይችላሉ። በሥራ ቀናት ትምህርት ቤት ከተለቀቀ በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሦስት ቡድን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሦስት ቡድን ይገባል ብለን እንያዝ። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ ከዚህ ምሳሌ የሚነሱ ስለሆኑ፣ አንባቢ በራሱ ሰፈር ቁጥር እየተካ ሊሠራባቸው ይገባል።

2ኛ ደረጃ፦ ቦታውን በእግር እየሄዱ መመርመር

በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው፤ በከተማዋ መንገዶች ላይ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ውስጥም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እነዚህ ሁለት እውነቶች አንድ ላይ ሲታዩ ምርመራው ከመኪና ሳይሆን ከእግር መጀመር እንዳለበት ግልጽ ነው። ከታሰበው ቦታ 1 ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉ አራት ወይም አምስት ነጥቦች ተነሥታችሁ፣ ቢቻል የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ይዛችሁ፣ እስከ በሩ ድረስ ሂዱ። ልጆቹ የሚቆሙበትን፣ ወደ አስፋልት ለመውረድ የሚገደዱበትንና የሚዘሉትን ነገር ሁሉ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ስንሄድ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ የሥልጠና ልብሷን ከሹራቧ በታች ለብሳ፣ ክዳኑ የተነሣ ዲች አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በባዶ እግሯ ተንደርድራ ተሻገረችው። ማዶ ስትደርስ ልክ መሣሪያ ላይ እንዳለች ሁሉ ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመች። ዲቹ 70 ሴንቲ ሜትር ይሰፋ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብና ውሃው ሲሞላ ደግሞ ጠርዙ አይታይም። በካርታችን ላይ ያ ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ተከበበ፤ የክዳን ጥያቄውም ከአዳራሹ ማመልከቻ ጋር አብሮ ገባ።

በእግር ጉዞው ላይ የሚለካው ነገር ብዙ አይደለም። የእግረኛ መንገዱ ነጻ ስፋት፣ ማለትም ምሰሶ፣ የግንባታ አሸዋና የቆመ መኪና ያልያዘው ክፍል፣ ከ2 ሜትር ማነስ የለበትም፤ አንድ አዋቂ ልጅ እጅ ይዞ ሲሄድ ከፊት የሚመጣውን ሳይገፋ ማለፍ ይችላልና። ከዚህ ሌላ የመንገድ መብራት ያለባቸውና የሌለባቸው ቦታዎች፣ የዜብራ መሻገሪያዎች፣ እንዲሁም ከታክሲና ከባጃጅ መውረጃ እስከ በሩ ያለው ርቀት ይመዝገቡ። የመጨረሻው ቡድን ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ ቢያንስ አንዱ ጉዞ በጨለማ መደረግ አለበት።

በመንገድ ዳር ጉሊት የሚሸጡ፣ ቆሎና ማስቲካ የያዙ ሰዎች አዳራሹ ሲከፈት እንደሚበዙ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ማባረር መፍትሔ ሆኖ አላየሁም፤ ነገ ተመልሰው የሚቀመጡት ከእግረኛ መንገዱ መሀል ነው። ከበሩ ራቅ ብሎ ጥቂት ሜትር ቦታ በንድፉ ላይ ቢለይላቸው መንገዱም ነጻ ይሆናል፣ የሰው ዓይን ያለበት መንገድም ምሽት ላይ ለልጆች ይበልጥ ደህና ነው።

3ኛ ደረጃ፦ መንገዱን መቁጠር

ለትራፊክ ቆጠራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሰው፣ ሰዓት፣ እርሳስና በየ15 ደቂቃው የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ይበቃሉ። አንዱ ቆጣሪ ተሽከርካሪዎችን በዓይነት ለይቶ ይመዘግባል፤ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ ባጃጅ፣ የተማሪዎች ሰርቪስ፣ የጭነት መኪና። ሌላው እግረኞችንና መንገድ የሚያቋርጡትን ይቆጥራል። በየ15 ደቂቃው መከፋፈሉ ወሳኝ ነው፤ በሰዓት 200 መኪና የሚያልፍበት መንገድ በአማካይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ 90ዎቹ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሩብ ሰዓት ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ ሐሳቡ ሁሉ ይለወጣል።

የቆጠራው ቀናት አመራረጥ የብዙዎች ስሕተት ነው። አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ግድ ናቸው፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት መሆን አለባቸው፤ በክረምት ዕረፍት የተቆጠረ ቁጥር ለምንም አይሆንም። እኔም ሁለት ቀን ቆጥሬ ሰንጠረዤን ስጠቀልል፣ ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼ መንገድ በሃያ አንድ ቀን ነው የሚታየው፤ ያን ቀን ናና ቁጠር» አሉኝ። ቦታው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነበር። በወሩ 21 ቀን ስመለስ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቶ መኪና በእርምጃ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ካለ የወር በዓሉ ቀን፣ ለሚካኤል 12፣ ለገብርኤል 19፣ ለጊዮርጊስ 23፣ መስጊድ ካለ ደግሞ የአርብ ስግደት ሰዓት በቆጠራው ውስጥ ይግቡ። የጥምቀት ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ በዚያ ሰሞን ሥልጠና እንደማይኖር ከወዲሁ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ።

የዕድር ድንኳን ጉዳይም አለ። በብዙ ሰፈሮች ለቅሶም ሠርግም ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለው መንገድ ላይ ነው፤ ይህ መብትም ወግም ስለሆነ ንድፉ ሊያከብረው ይገባል። የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አግኝታችሁ ድንኳን በየትኛው ክፍል እንደሚተከል ጠይቁ፤ ወደ አዳራሹ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ከሆነና እሱም የድንኳን ቦታ ከሆነ፣ አምቡላንስ የሚገባበት ሁለተኛ መንገድ እስካልተገኘ ድረስ ያ ቦታ አይመረጥ።

ከቆጠራው ጋር የመንገዱ ነጻ ወርድ በሜትር ይለካ። ኮብልስቶኑ 7 ሜትር ቢሆንም በሁለቱም ዳር መኪና የሚቆምበት ከሆነ የሚቀረው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለት መኪና ሳይቸገሩ ለመተላለፍ 5.5 ሜትር ያህል ይፈልጋሉ።

4ኛ ደረጃ፦ የቅያሬውን ጫና ማስላት

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ክፍል ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። በምሳሌያችን ከአንድ ቡድን 60 ልጆች ውስጥ 35ቱ በእግር፣ 10ሩ በታክሲና በባጃጅ፣ 15ቱ በቤት መኪና ይመጣሉ እንበል። በሰፈራችሁ ያለው ድርሻ የሚታወቀው ሊመዘገቡ የሚፈልጉ ወላጆችን በመጠየቅ ነው። በቅያሬ ጊዜ 15 መኪኖች ልጅ ለማውረድ፣ ሌሎች 15 ደግሞ ልጅ ለመውሰድ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ መኪና ገብቶ ስለሚወጣ መንገዱ ላይ የሚጨመረው 60 እንቅስቃሴ ነው። ይህ ቁጥር በ3ኛው ደረጃ ከተገኘው የሩብ ሰዓት ቆጠራ ጋር ይነጻጸር።

ከእንቅስቃሴው ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ቆሞ መጠበቁ ነው። በአንድ ጊዜ ቆመው የሚገኙ መኪኖች ብዛት የሚገኘው በደቂቃ የሚደርሱትን መኪኖች እያንዳንዱ በሚቆይበት ደቂቃ በማባዛት ነው። የሚያወርዱት 15 መኪኖች በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደረሱና እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ከቆየ በአንድ ጊዜ የሚገኙት 2 ናቸው። ለመውሰድ የሚመጡት ግን ቀድመው ይደርሳሉ፣ ልጁ ልብሱን እስኪቀይር ይጠብቃሉ፤ 10 ደቂቃ ከቆዩ በአንድ ጊዜ 10 መኪና ቆሞ ይገኛል። ድምሩ 12 ነው። መኪኖች በእኩል የጊዜ ልዩነት ስለማይደርሱ ሩብ ሲጨመርበት 15 ቦታ፣ ለአንድ መኪና 6 ሜትር ቢያዝ 90 ሜትር የመንገድ ዳር ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ነጻ ዳር አይገኝም።

አሁን ሕንጻውን ሳንነካ ሰዓቱን ብቻ እንለውጥ። ስልሳው ልጅ በሁለት ምድብ ተከፍሎ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ ዘግይቶ ቢገባና ቢወጣ፣ በደቂቃ የሚደርሰው መኪና በግማሽ ይቀንሳል፤ ለማውረድ 1፣ ለመውሰድ 5፣ በአንድ ላይ 6 መኪና ይሆናል፤ ሩቡ ተጨምሮ 8 ቦታ ወይም 48 ሜትር ይበቃል። በዚህ ላይ ወላጆች ቀድመው እንዳይመጡ ተስማምተው የመቆያው ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ቢወርድ የሚያስፈልገው 5 ቦታ፣ 30 ሜትር ብቻ ነው። ከ90 ወደ 30 ሜትር ያወረደን የፕሮግራም ሰሌዳ ነው፤ አንድ ብሎኬት አልተገዛም። ማመልከቻችሁ ውስጥ ይህን ሠንጠረዥ ከነስሌቱ አስገቡት፤ ከየትኛውም የአዳራሽ ሥዕል ይልቅ ፈቃድ ሰጪውን የሚያሳምነው ይህ ነው።

የሰውን ብዛትም እንዲሁ አስሉ። በእግርና በታክሲ የሚሄዱት 45 ልጆች ሲገቡና ሌሎች 45 ሲወጡ፣ ከአጃቢዎቻቸው ጋር ከመቶ በላይ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ በአንድ በር ያልፋል። አጥሩ መንገዱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ ሰው የሚቆመው ኮብልስቶኑ ላይ ነው። ስለዚህ ከበሩ በስተውስጥ ለ60 ሰው 60 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ያለው መጠበቂያ ይተው። ዝናብ ሲመጣ መጠለያ ያጣ ወላጅ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል፤ መኪናው ደግሞ ቦታ ይይዛል።

5ኛ ደረጃ፦ መውረጃውንና በሩን መንደፍ

መውረጃው ሲነደፍ ሦስት ነገሮች አይታለፉም። መኪና በመውረጃው አካባቢ ወደ ኋላ መሄድ የለበትም፤ አጭር ልጅ ከመኪና ኋላ አይታይም። ስለዚህ ግቢው ከፈቀደ በአንድ በር ገብቶ በሌላ የሚወጣ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ይሁን፤ ካልፈቀደ መኪና ወደ ግቢ ጨርሶ አይግባ፣ መውረጃው በመንገዱ ዳር ይሁን። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚወርደው በእግረኛ መንገዱ በኩል እንጂ በመንገዱ መሀል በኩል አይሁን፤ መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገራችን ይህ ማለት መውረጃው ከአዳራሹ ጋር በአንድ ወገን ሆኖ መኪናው አዳራሹን በቀኙ አድርጎ ይቁም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የእግረኛ በርና የመኪና በር አንድ አይሁኑ። ትልቁ የብረት በር ሲከፈት ልጆች በመኪናው ጎን ተሹለክልከው የሚገቡበት ግቢ ብዙ ነው።

የመኪና በሩ ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 12 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጥበቃው እስኪከፍት የሚጠብቁ ሁለት መኪኖች መንገዱን እንዳይዘጉ ነው። ከእግረኛው በር ፊት ለፊት የሚደረገው መሻገሪያ ደግሞ ቀለም ብቻ ከሆነ ልጆችን በደንብ አይጠብቅም፤ ከእግረኛ መንገዱ ጋር በእኩል ከፍታ የተነሣ መሻገሪያ ቢሆን መኪናው ለመውጣት ይቀዘቅዛል፣ ልጁም ሳይወርድ ይሻገራል። በዚህ አካባቢ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ምልክትና የፍጥነት ማብረጃ ይጠየቅ። በመንገዱ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ የከተማው የመንገዶች ባለሥልጣንና የትራፊክ ማኔጅመንት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ኮሚቴው በራሱ የፍጥነት ማብረጃ ድንጋይ ማስቀመጥ የለበትም።

በኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የተሠራላቸው አካባቢዎች ላይ ያሉ ኮሚቴዎች ሥራቸው ቀላል ነው፤ የሚቀራቸው ከዋናው ጎዳና እስከ በሩ ያለውን የውስጥ መንገድ ማያያዝና የብስክሌት ማሰሪያ ብረት መትከል ነው።

የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚገቡበት መንገድ በመጨረሻ የሚለጠፍ ጭማሪ አይሁን። የራምፑ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው መወጣጫው፣ ተዳፋት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ወለሉ ከግቢው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 7.2 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል፤ ይህ ርዝመት ንድፉ ላይ ቀድሞ ካልተያዘ በኋላ ቦታ አይገኝለትም።

6ኛ ደረጃ፦ አፈሩንና የዝናቡን ውሃ ማወቅ

በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ በኩል ባሉ ብዙ ቦታዎች ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጂምናስቲክ አዳራሽ ይህ ከሌላው ሕንጻ የባሰ ችግር ነው፤ ምክንያቱም የዘንግና የቀለበት መሣሪያዎች በገመድ ተወጥረው ከወለሉ ኮንክሪት ጋር የሚታሰሩ ናቸው። ወለሉ በሁለት ሴንቲ ሜትር ቢነሣ ውጥረቱ ይዛባል። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ንድፍ አይጀመር፤ ጥቁሩ አፈር ከተገኘ መሐንዲሱ በሚያዘው ጥልቀት ተቆርጦ በተመረጠ አፈር ይተካ።

ልጆች በደህና የሚወድቁበት የስፖንጅ ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ይህ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ያህል ተቆፍሮ ተሠርቶ ነበር፤ በነሐሴ ወር ከግድግዳው ሥር ውሃ ሰርጎ ገባ። ከላይ ደረቅ ስለነበር ለሁለት ሳምንት ማንም አላወቀም፤ ሽታው ሲበረታ ስፖንጁን ስናወጣ ከታች ያለው እንደ ረጠበ እንጀራ እየተቆራረሰ በእጃችን ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምመክረው ከመቆፈር ይልቅ መንደርደሪያውንና መሣሪያውን በመድረክ ላይ ከፍ አድርጎ ጉድጓዱን ከመሬት በላይ መሥራት ነው። ወጪው ቢጨምርም ውሃ መሳቢያ ፓምፕ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

የጣሪያው ውሃ ደግሞ እንዲህ ይሰላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚያወርድ ዶፍ ላይ 800 ካሬ ሜትር ጣሪያ 40,000 ሊትር፣ በሴኮንድ 11 ሊትር ያህል ውሃ ያፈስሳል። ይህ ሁሉ በአንድ አሸንዳ ወርዶ በግቢው በር ወደ ኮብልስቶኑ ከተለቀቀ የሚያጥለቀልቀው ተዳፋቱ ሥር ያለውን ጎረቤት ነው። ውሃው በተሸፈነ ቦይ ወደ ዋናው ቱቦ መግባቱ፣ ቱቦውም መሸከም መቻሉ በማመልከቻው ላይ ይታይ። ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብባቸው፣ ከፊሉን በሮቶ አጠራቅሞ ለመጸዳጃና ለወለል ማጠቢያ ማዋል የቧንቧውን ጫናም ይቀንሳል።

7ኛ ደረጃ፦ ውሃ፣ ፍሳሽና መብራት

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስሌቱ የሚጀምረው ውሃ ከሚጠፋባቸው ቀናት ነው። በቀን 180 ልጅ እያንዳንዱ 15 ሊትር ቢጠቀም 2,700 ሊትር ይሆናል፤ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 8,100 ሊትር መጠባበቂያ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በቂ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን 10 ቶን ውሃ ስለሚይዝ የሚቀመጥበት ማማ በመሐንዲስ ይሠራ። ልጆች እጃቸው እንዳይንሸራተት የሚቀቡት ነጭ ዱቄት በመታጠቢያው ቱቦ ውስጥ ስለሚረጋ፣ ከመታጠቢያው ቀጥሎ የሚከፈትና የሚጠረግ ትንሽ ማጥለያ ሣጥን ይደረግ። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሴፕቲክ ታንኩ የሚቆፈረው የፍሳሽ መጣጭ መኪና ከመንገዱ ሳይርቅ ቱቦውን ሊያደርስበት በሚችል ቦታ ነው፤ ከአዳራሹ ኋላ ጥግ ላይ የተቀበረ ታንክ ሲሞላ ማንም አይደርስበትም።

ለመብራት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይጠየቅ። በአንድ ካሬ ሜትር 8 ዋት በሚወስድ የኤልኢዲ መብራት 800 ካሬ ሜትር 6.4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ የውሃ ፓምፕ፣ የአየር ማስወጫና የቢሮ ዕቃ ሲጨመር 12 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። ዋናው ጉዳይ ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። አንዲት ልጅ ዘንግ ላይ በአየር ተንጠልጥላ ሳለች አዳራሹ ቢጨልም፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለው ግማሽ ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ስለዚህ በየመሣሪያው በላይ በባትሪ ወዲያው የሚበራ መብራት ይሰቀል፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ያሉ መብራቶችም በዚሁ ይታሰሩ።

8ኛ ደረጃ፦ የአደጋ ጊዜ መንገድ

በጂምናስቲክ የአንገትና የጀርባ ጉዳት ሊያጋጥም ይችላል፤ የተጎዳ ልጅ በሰው እጅ ተይዞ ደረጃ መውረድ የለበትም። ከወለሉ እስከ አምቡላንሱ ድረስ ቃሬዛ በደረጃ ሳይሄድ የሚያልፍበት መንገድ ይኑር። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና 4 ሜትር ነጻ ወርድ ያለው መግቢያ ይያዝ፤ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉ የመብራትና የስልክ ሽቦዎችም ይነሡ። ይህ መግቢያ የቅያሬ ሰዓት የመኪና ማቆሚያ እንዳይሆን ሰንሰለት ተደርጎበት ቁልፉ በጥበቃው እጅ ይሁን። ስፖንጅ በቀላሉ የሚነድና መርዛማ ጭስ የሚያወጣ ስለሆነ አዳራሹ በተቃራኒ ጎኖች ሁለት ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮች ሊኖሩት ይገባል። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መጥሪያ 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 በበሩ አጠገብ በትልቁ ይጻፉ።

9ኛ ደረጃ፦ ማመልከቻውን ማቅረብ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎችን ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት ምድብ «ሐ» ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር፤ የሰፈር አዳራሽ ነው ተብሎ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር የለም። ንድፍ አውጪ ከመቅጠራችሁ በፊት የቦታውን የፕላን መረጃ ከሚመለከተው ቢሮ ውሰዱ፤ ቦታው ለመንገድ ማስፋፊያ ወይም ለወንዝ ዳርቻ የተያዘ ከሆነ ቀሪው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የቆጠራውን ሰንጠረዥ፣ የቅያሬውን ስሌት፣ የእግር ጉዞውን ካርታና የውሃ አወራረዱን ንድፍ አንድ ላይ ጠርዛችሁ አቅርቡ። የውሃና ፍሳሽ፣ የመብራትና የመንገድ መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ መልስ በእጅ ሳይገባ በቃል በተሰጠ ተስፋ ግንባታ አይጀመር።

ከመሥሪያ ቤት ቀድሞ ግን ጎረቤት ይሰማ። ከአዳራሹ አጠገብ የሚኖሩትን ቤት ለቤት አነጋግሩ፤ በተለይ አረጋውያንን። የሚያነሡት ቅሬታ ብዙ ጊዜ ስለ ጩኸት ቢመስልም፣ ቁጭ ብሎ ለሰማቸው «መኪና በሬ ላይ ቆሞ መውጫ አጣሁ» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ በ4ኛው ደረጃ ላይ ያለው ስሌት ስለሆነ፣ ሰንጠረዡን ይዛችሁ ግቡና አሳዩአቸው።

10ኛ ደረጃ፦ ከተከፈተ በኋላ እንደገና መቁጠር

አዳራሹ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ያው ቆጠራ በዚያው ሰንጠረዥ ይደገም። የመኪና ድርሻው ከታሰበው በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ15 ፈንታ 25 ከመጣ፣ መጀመሪያ የምድቦቹ መግቢያ ይራራቅ፤ ቀጥሎ በአንድ ብሎክ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ተራ በተራ በእግር እንዲያደርሱ ይደራጁ፤ ይህ በኮንዶሚኒየም መንደሮች ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ ነው። የወላጆች የስምምነት ወረቀት ላይ የመቆያ ጊዜው 5 ደቂቃ መሆኑ ይጻፍ፤ ይህንም ጥበቃው ሳይሆን ከወላጆች መካከል በየሳምንቱ የሚመደብ ሰው ይከታተለው፤ ጥበቃ መኪና ያለውን ሰው «ተነሣ» ለማለት ይቸገራልና።

ከእነዚህ ሌላ፣ ለትራፊኩ ብዛት ሳይሆን ውሃውን ለማየት፣ አንድ ቆጠራ የግድ በክረምት ይሁን። በሐምሌ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጃንጥላና የ3ኛውን ደረጃ ሰንጠረዥ ይዛችሁ በሩ ላይ ቁሙ፤ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ እግረኛው ውሃውን ሸሽቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ መኪናውም ለእግረኛው ብሎ የት እንደሚቆም በየሩብ ሰዓቱ መዝግቡ፤ የተመዘገበውንም በዚያው ሳምንት ለመንገዶች ባለሥልጣን በደብዳቤ አስገቡ።